ጅማ ላይ ሆኖ ግርዶሽ ማየት፦ ለፀሐይ አንገት ደፍቶ፣ ለጨረቃ ቀና ብሎ

ግርዶሽ ሊመጣ ነው ሲባል ሰፈራችን ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በር ዘግቶ ልጆቹን ቤት ያስገባል። ሌላው የራጅ ፊልም ፍለጋ የጎረቤት በር ያንኳኳል። የመጀመሪያው ምንም ሳያይ ይቀራል። ሁለተኛው ደግሞ ባያይ ይሻለው ነበር።

ይህ መመሪያ ለሁለቱም ነው። ዓይናችሁን ሳትጎዱና ብዙ ብር ሳታወጡ፣ ጅማ ላይ ሆናችሁ የፀሐይንም የጨረቃንም ግርዶሽ እንዴት እንደምታዩ በተራ በተራ እነግራችኋለሁ። ዋናውን አስቀድሜ ልበል። የፀሐይ ግርዶሽ እኛ ጋ በደንብ የሚታየው ወደ መሬት በማየት ነው። ጅማ ደግሞ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ዛፍ ሞልቷል፣ ጥላ ሞልቷል፣ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ጣሪያም አይጠፋም። ቀና ብሎ ማየቱን ለጨረቃ እናቆየው።

1. ቀኑንና ሰዓቱን ያዙ

የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስትገባ ነው። ስለዚህ ጨረቃ ጨርሳ በማትታይበት ጊዜ ብቻ ይመጣል። የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው ምድር መካከል ላይ ገብታ ጥላዋን ጨረቃ ላይ ስትጥል ነው። ይህም ሙሉ ጨረቃ በሆነበት ሌሊት ብቻ ነው። በየወሩ የማይሆነው የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ስለሚል ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥላው ከላይ ወይም ከታች ያልፋል። ከንድፈ ሐሳቡ ይህ ይበቃናል።

በማስታወሻችሁ የምትይዟቸው ቀኖች እነዚህ ናቸው።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሰኞ፣ የፀሐይ ግርዶሽ። በሰሜን አፍሪካ፣ በሳውዲና በየመን በኩል ሙሉ ሆኖ ያልፋል፤ ጅማ ላይ ከፊል ነው። ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 እሑድ ምሽት፣ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ። እኔ ከሁሉም የምጓጓው ለዚህ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጋቢት 11 ቀን 2026፣ የፀሐይ ግርዶሽ። ከናይጄሪያ ተነስቶ በቻድና በሱዳን በኩል ወደ ግብፅ ይሄዳል። ለእኛ ይኸኛውም ከፊል ነው፤ ግን ወሩ ከሐምሌ የተሻለ ነው።

ስለ ግርዶሽ የሚያወሩ ገጾች ሰዓቱን የሚጽፉት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ ዩቲሲ በሚባለው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። መጀመሪያ 3 ይደምራል፣ ከዚያ 6 ይቀንሳል፣ መሃል ላይ ይጠፋዋል። አጭሩ መንገድ ይኸው፦ ከዩቲሲ ላይ 3 ሰዓት ቀንሱ። የሚመጣው በቀጥታ የእኛ ሰዓት ነው። 10:07 ከተባለ ከቀኑ 7:07 ማለት ነው። 16:16 ከተባለ 13:16 ይመጣል፤ 12ቱን ስታነሱለት ከምሽቱ 1:16 ይሆናል።

ስልካችሁ ላይ ስቴላሪየም የሚባለውን መተግበሪያ ጫኑ። ቦታውን ጅማ ላይ አድርጉና ቀኑን አስገቡ። ጨረቃዋ በየት በኩል እንደምትወጣ፣ ፀሐይዋ ምን ያህል ከፍ እንደምትል፣ ቁራሹ ከየት በኩል እንደሚጀምር ያሳያችኋል። የአዲስ አበባን ሰዓት ብትወስዱም ልዩነቱ የደቂቃዎች ነው። የናይሮቢን ወይም የካይሮን ከወሰዳችሁ ግን ተሸወዳችሁ።

2. ደመናውን አስቡበት

እውነቱን ለመናገር የጅማ ሰው የግርዶሽ ጠላቱ ደመና ነው። ዝናባችን ከአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ቀድሞ ይጀምርና ቆይቶ ይወጣል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ ኮሮና ቤት ያስቀመጠን ጊዜ ነበር። እሑድ ጠዋት ቀለበታዊ ግርዶሽ (ፀሐይ ጠርዟ ብቻ ቀርቶ ቀለበት የምትመስልበት) በወለጋና በጎጃም አድርጎ በላሊበላ ላይ አለፈ። ጅማ ከመስመሩ ወጣ ስላለች የደረሳት ከፊሉ ነው። እሱንም ያየነው ደመናው በፈቀደልን ልክ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 2010 ምሽት ላይ የነበረው ደግሞ የዚህ ምዕተ ዓመት ረጅሙ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር፤ ጨረቃ 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ቆይታለች። በክረምት መካከል መሆኑ ነው እንጂ እንዴት ያለ ነበር!

ስለዚህ ጉጉታችሁን በወቅቱ መጥኑት። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ግርዶሽ ዝግጅት ይገባዋል። ዘመድ ጥሩ፣ ቦታ ያዙ። የክረምቱን ግን በአቅሙ ነው መጠበቅ። እንግዳ አትጥሩበት፣ ከግቢም ሩቅ አትሂዱ። ዋዜማውን የሳተላይት የደመና ምስል እዩ። የዕለቱን ጠዋት ግን አትመኑት፤ ሐምሌ ላይ ጠዋት ጥርት ብሎ ከቀትር በኋላ የሚጥለው የተለመደ ነው።

አቅሙ ያለው ሰው የሐምሌ 2019ኙን ግብፅ፣ ሉክሶር አካባቢ ሄዶ ቢያይ አልቃወምም። እዚያ ፀሐይ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትጠፋለች። የሐምሌ መጨረሻ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ደመና ግን ብርቅ ነው። እኛ እዚሁ የቀረነው በቁራሹ እንጫወታለን።

3. ዓይንን መጠበቅ

ይህን ክፍል ዝለለው ብትሉኝ አልሰማችሁም።

የዓይናችን የውስጠኛው ክፍል፣ ምስል የሚቀበለው ሬቲና፣ የሕመም ስሜት የለውም። ፀሐይ ስታቃጥለው አይነግራችሁም። ሰውየው "ምንም አልሆንኩም እኮ" እያለ ያያል። ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ የሚያየው ነገር መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። ቀጥ ያለው መስመር ይጣመማል። የሰው ፊት ሲያይ አፍንጫው ይጠፋበታል። ለዚህ የሚታዘዝ አስተማማኝ መድኃኒት የለም። በጊዜ የሚሻለው አለ፣ ጠባሳው የሚቀርበትም አለ።

በሌላ ቀን ፀሐይን አፍጥጠን አናያትም፤ ብርሃኑ ራሱ ዓይናችንን ያስጨፍነናል። ግርዶሽ ሲሆን ብርሃኑ ይቀንስና መጨፈኑን እንተዋለን። የቀረችው ቀጭን ቁራሽ ግን በዚያችው ኃይሏ ታቃጥላለች። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ደኅና የሆነ ማጣሪያ ከፀሐይ ብርሃን የሚያሳልፈው ከመቶ ሺህ ሦስት እጅ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በዚህ መለኪያ ሰፈራችን ውስጥ የሚዘዋወሩትን ዘዴዎች እንያቸው።

የራጅ ፊልም አይሆንም። በኩራዝ ጭስ የጠቆረ መስታወት አይሆንም። የቀድሞ የፎቶ ፊልም፣ ሲዲ፣ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ ሁለት መነጽር ደርቦ ማድረግም አይሆንም። እነዚህ ብርሃኑን ያጨልሙና የማይታየውን ጨረር ያሳልፉታል። ያ ደግሞ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ስለጨለመ ተመችቷችሁ ረጅም ጊዜ ታያላችሁ።

በሳፋ ውሃ ሞልቶ ፀሐይዋን ውሃው ውስጥ ማየትስ? እናቶቻችን የሚወዱት ይህንን ነው። ውሃ ፊት ለፊት ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ ሁለት ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከመቶ ሺህ ሦስት ከሚለው ጋር አስተያዩት። አይሆንም።

የብየዳ መስታወት ይሆናል፣ ግን ቁጥሩን እዩ። 12 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ 13 ወይም 14 ደግሞ የበለጠ ይመቻል። ብዙ በያጆች የሚጠቀሙት 10 ወይም 11 ነው፤ እሱ አይበቃም። ቁጥሩ ካልተጻፈበት ተዉት። በያጁ "ኧረ ይሄ ጥቁር ነው፣ ችግር የለውም" ቢላችሁም ተዉት።

ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ካገኛችሁ አይኤስኦ 12312-2 የሚል የዓለም አቀፍ ደረጃ ምልክት ፈልጉበት። ጽሑፉን ማንም ሊያትም ስለሚችል ራሳችሁ ሞክሩት። አድርጋችሁት ቤት ውስጥ ዙሩ። ምንም ነገር መታየት የለበትም፤ ወንበሩም፣ መስኮቱም። በርቶ ያለ ተራ አምፖል በደንብ ከታያችሁ አይሆንም።

አንድ ሌላ ነገር። መነጽሩን አድርጎ በባይኖኩላር ወይም በቴሌስኮፕ ማየት ፈጽሞ ክልክል ነው። መሣሪያው ብርሃኑን አጠራቅሞ መነጽሩን ይበሳውና ዓይን ውስጥ ይገባል። ማጣሪያ የሚገባው ከመሣሪያው ፊት፣ በፀሐይ በኩል ነው።

በባዶ ዓይን ማየት የሚቻለው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ጅማ ላይ በሐምሌ 2019ም ሆነ በመጋቢት 2026 እንዲህ ያለ ደቂቃ የለም። አንድም ሰከንድ።

4. ፀሐይን መሬት ላይ ማየት

አሁን ወደ ደስታው ገባን። ትንሽ ቀዳዳ የፀሐይን ምስል ወደ ጥላ ውስጥ ታሳልፋለች። ቀዳዳዋ አራት ማዕዘን ብትሆን፣ ብትጣመም፣ ግድ የላትም፤ ምስሉ የፀሐይ ቅርጽ ነው። ፀሐይ ስትቆረስ ምስሉም ይቆረሳል። መጠኑን ለማወቅ ከቀዳዳው እስከ ምስሉ ያለውን ርቀት ለ109 አካፍሉ። 1 ሜትር ላይ 9 ሚሊ ሜትር፣ 3 ሜትር ላይ 2.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ምስሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል። ስለዚህ ጥላው ጨለም ያለ መሆን አለበት።

ዛፍ ሥር። የጅማ ቡና የሚያድገው በሰሳ፣ በብርብራና በዋንዛ ጥላ ሥር ነው። በቅጠሎቹ መካከል ያለች እያንዳንዷ ክፍተት ቀዳዳ ናት። በሌላ ቀን መሬቱ ላይ የምናያቸው ክብ ክብ የብርሃን ነጠብጣቦች የፀሐይ ምስሎች ናቸው፤ ልብ አንላቸውም እንጂ። ግርዶሽ ሲሆን ሁሉም በአንዴ ማጭድ ይመስላሉ። ጥቅምት 24 ቀን 2006 ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስትቃረብ ተገምሳ ነበር። ያኔ ብርሃኑ አግድም ስለነበር ምስሎቹ ያረፉት ግድግዳ ላይ ነው። የአንዱ ቤት ነጭ ግንብ በሙሉ በማጭድ ተሞልቶ አንድ ልጅ "ጋሼ፣ ፀሐይዋ ብዙ ሆነች!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ማንም የራጅ ፊልም አልጠየቀም።

የሐምሌ 2019ኙ ግን እኩለ ቀን አለፍ ሲል ስለሆነ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ትሆናለች። ምስሎቹ ከዛፉ ሥር ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ከዋዜማው ዛፍ ምረጡ። ቅጠሉ በጣም ያልተጠቀጠቀ፣ ቅርንጫፉ ከ3 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሥሩ ነጭ አንሶላ ወይም አሮጌ ነጠላ አንጥፉ። ሣር ላይ ምስሉ ይጠፋል። ነፋስ ካለ ምስሎቹ ይርገበገባሉ፤ እሱም ያምራል፣ ለፎቶ ግን ያስቸግራል።

ማድ ቤት። የቆርቆሮው ምስማር የወለቀበት ቀዳዳ አለ አይደል፣ ዝናብ የሚያስገባው? ለአንድ ቀን ምርቃት ይሆናል። በሩንና መስኮቱን ዝጉ። ብርሃኑ የሚያርፍበት ወለል ላይ ነጭ ወረቀት አስቀምጡ። ቀዳዳው ከሰፋ፣ ቀዳዳውን በፎይል ሸፍናችሁ በወፍራም መርፌ ውጉት። ማድ ቤቱ ትንሽ ጭስ ካለው ጨረሩ ከጣሪያ እስከ ወለል ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይህንን ነው። ጨለማ ነው፣ ምስሉ ትልቅ ነው፣ ልጆቹም ወደ ሰማይ የማየት ዕድል የላቸውም።

ማጥለያ። የፓስታ ማጥለያ ያዙና ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ። ከሥሩ ወረቀት አድርጉ። በየቀዳዳው አንድ አንድ ፀሐይ ይወጣል። ወንፊት ሞክሬው አልወደድኩትም፤ ቀዳዳዎቹ ስለተቀራረቡ ምስሎቹ ይደራረባሉ። ማጥለያ ከሌለ የሁለት እጅ ጣቶችን አጠላልፉ። በጣቶቹ መካከል ያሉት ክፍተቶች በቂ ናቸው።

መስታወት። ይህ ለትምህርት ቤት ወይም ለትልቅ ግቢ ነው። የኪስ መስታወት ውሰዱ። ፊቱን በወረቀት ሸፍኑና የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ክፍተት ተዉለት። ከውጭ ድንጋይ ላይ በጭቃ አስደግፉትና ብርሃኑን በበር በኩል ጨለም ወዳለ ክፍል ግድግዳ ላኩት። 10 ሜትር ርቀት ላይ 9 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ፀሐይ ታገኛላችሁ። አርባ ተማሪ በአንዴ ያየዋል። ፀሐይ ስለምትሄድ ምስሉ ይንሸራተታል፤ በየሁለት ሦስት ደቂቃው አስተካክሉት። መስታወቱን ወደ ሰው ፊት አታዙሩ፣ ማንም ወደ መስታወቱ ውስጥ እንዲያይ አትፍቀዱ። መስታወቱ ጋ አንድ ትልቅ ሰው ይቁም፤ ይህን ሥራ ለልጅ አትስጡ።

ካርቶን ላይ ፎይል ለጥፎ በመርፌ መብሳትም ይሠራል። ግን ምስሉ ትንሽ ነው። ሌላው ሁሉ ከጠፋ ብቻ።

ደመናው ስስ ሆኖ ፀሐይዋ ደብዝዛ በባዶ ዓይን የምትታይበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ ነው ሁሉም ቀና የሚለው። አትበሉ። ደመናው በሰከንድ ይከፈታል።

5. በፀሐይ ግርዶሽ ሰዓት ምን እንጠብቅ?

ከመጀመሪያዋ ንክሻ እስከ መጨረሻዋ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሊፈጅ ስለሚችል ተረጋጉ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ ከምስሉ በቀር ምንም ለውጥ አይሰማችሁም። ብዙ ሰው "ይኸው ነው?" ብሎ የሚሄደው ያኔ ነው። ፀሐይዋ በደንብ ስትሸፈን ብርሃኑ መልኩን ይቀይራል። የምሽት ብርሃን ቢጫ ነው፤ ይህ ግን ግራጫ ነው። የእጃችሁን ጥላ እዩ፤ በአንድ በኩል ጠርዙ ይስላል። ቆዳችሁ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ይቀንሳል። ቴርሞሜትር ካላችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉና በየ10 ደቂቃው ጻፉ። ጋጋኖዎቹና ዶሮዎቹ ምን እንደሚያደርጉም ልብ በሉ። ግማሽ ግርዶሽ ላይ ግን ዶሮ ቆጥ ትወጣለች ብላችሁ አትጠብቁ። ያን ያህል አይጨልምም።

6. የጎረቤትን ልብ መያዝ

ጅማ ውስጥ ግርዶሽ ዝም ብሎ የሚያልፍ ነገር አይደለም። መስጊዶቻችን የግርዶሽ ሶላት አላቸው። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋርዳ ነበር። ሰዉ ለእሱ ሞት ነው አለ። እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም መወለድ እንደማይጋረዱ ነገሯቸው። "መዓት ነው" ለሚል ጎረቤት ከዚህ የተሻለ መልስ እኔ አላውቅም። ሶላቱ ግርዶሹ ባለበት ሰዓት ስለሆነ ማጥለያውን መስጊድ ግቢ ይዞ መሄድ ነው። ከሰገዱ በኋላ አባቶች ራሳቸው ያያሉ።

ሌሎች ጎረቤቶች እርጉዝ ሴት እንዳትወጣ፣ ውሃ እንዳይቀዳ ይላሉ። አትከራከሯቸው። "እማማ፣ አይውጡ፤ እርስዎ ጋ ማድ ቤት ውስጥ ላሳይዎት" በሏቸው። የማድ ቤቱ ዘዴ እዚህም ያገለግላል።

7. አሁን ቀና በሉ፦ የጨረቃ ግርዶሽ

ለጨረቃ መነጽር የለም፣ ማጣሪያ የለም። በባዶ ዓይን እንደልብ ይታያል። ባይኖኩላር ካለ እሰየው። ግማሹ የምድር ፊት በአንዴ ስለሚያየው ጅማ መስመር ውስጥ ናት አይደለችም የሚል ጣጣም የለም። ጨረቃ ከወጣችላችሁ ታያላችሁ።

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ብዙዎቻችሁ ያያችሁት ይመስለኛል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሙሉ ነበር። የታኅሣሥ 2021ዱ ደግሞ ከዚያም ይመቻል። ወሩ በጋ ነው፣ ሰዓቱ ምሽት ነው፣ ቀኑ እሑድ ነው። ልጆች ሳይተኙ ያልቃል። የፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ ስለሆነ ርችት የሚተኩሱ ሆቴሎች ይኖራሉ፤ ከእነሱ ራቁ።

ሰዓቱ እንዲህ ነው። ጥላው ጨረቃን መንካት የሚጀምረው 12:07 ላይ ነው። ጨረቃዋ ከአድማስ የምትወጣውም በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው። 1:16 ላይ ሙሉ በሙሉ ትገባለች። 1:52 መሃሉ ነው። 2:28 ላይ መውጣት ትጀምራለች። 3:36 ላይ ያልቃል።

ስለዚህ ወሳኙ ቦታው ነው። ጨረቃዋ የምትወጣው ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን ባለው በኩል ነው፤ መጀመሪያ ዝቅ ብላ ትቆያለች። መርካቶ ወይም አጂፕ አካባቢ ፎቅ ይጋርዳችኋል። ቤታችሁ ዝቅተኛው የአዌቱ ወንዝ ዳር ከሆነ ኮረብታው ይጋርዳችኋል። ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ብትወጡ ከተማው ከእግራችሁ በታች ይቀራል፣ አድማሱም ይከፈታል። ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በባጃጅ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ፣ ገና በብርሃን ቦታ ያዙ። መመለሻውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሌሊት 3 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ባጃጅ መጠበቅ ዘበት ነው። ቦዬ ረግረግ በኩልም ክፍት ሰማይ አለ፤ ግን የወባ ትንኙን አስቡ። መሄድ ካልቻላችሁ ግቢያችሁ ይበቃል፤ ጨረቃዋ 2 ሰዓት ላይ ከብዙ ጣሪያ በላይ ትሆናለች።

ጋቢ ያዙ። የታኅሣሥ የጅሬን ምሽት ይበርዳል። ቡና የምታፈሉ ከሆነ ከሰሉን ከጀርባችሁ አድርጉት። የፍሙ ብርሃን ዓይናችሁን ያደክምና ደብዛዛውን ቀለም ያሳጣችኋል። የስልክ ስክሪንም እንዲሁ። መብራት ከጠፋ ደግሞ አትማረሩ፤ መብራት ሲጠፋ የምደሰትበት ምሽት ቢኖር ይህ ነው።

ጥላው ሲገባ ጠርዙን ልብ በሉ። ሁልጊዜ ክብ ነው። አርስቶትል ምድር ክብ መሆኗን ሲከራከር ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ጠርዝ ነበር። ሙሉ ስትሆን ጨረቃዋ አትጠፋም፤ ትቀላለች። የፀሐይ ብርሃን በምድር አየር ጫፍ በኩል ታጥፎ ይደርሳታል። ሰማያዊው መንገድ ላይ ይበተናል፣ ቀዩ ያልፋል።

ቅላቱ ግን በየጊዜው ይለያያል። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድሬ ዳንጆን ለዚህ ከ0 እስከ 4 የሚሄድ መለኪያ አውጥቷል። 0 ማለት ጨረቃዋ የማትታይ እስክትመስል የጨለመች ናት። 1 ግራጫ ወይም ቡናማ። 2 የዛገ ብረት ቀለም። 3 የሸክላ ቅላት ሆኖ ጠርዙ ቢጫማ። 4 ደማቅ ብርቱካናማ። ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ እሳተ ገሞራ በ1991 እ.ኤ.አ. ከፈነዳ በኋላ፣ በ1992 መጨረሻ የታየው ግርዶሽ እጅግ ጨለማ ነበር፤ አየሩ ገና አልጠራም ነበርና። 1:52 ላይ እያንዳንዱ ሰው ሳይማከር ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዚያ አወዳድሩ። ጭቅጭቁ ራሱ ጨዋታ ነው።

ያን ሰዓት ጨረቃዋን ብቻ አትዩ። ሙሉ ጨረቃ የዋጠቻቸው ከዋክብት ይወጣሉ። በስተቀኝ በኩል ኦሪዮንን፣ ሦስቱን ተርታ ከዋክብት፣ ፈልጉ።

8. ፎቶና የተረፈው ዕቃ

በስልክ የጨረቃ ግርዶሽ ማንሳት ይቻላል። ፍላሹን አጥፉ፣ ስልኩን ግንብ ላይ አስደግፉ፣ የ3 ሰከንድ ቆጣሪ አድርጉ። ጨረቃዋን በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ፤ አለበለዚያ ነጭ ክብ ብቻ ይወጣል። ቀይ ስትሆን ደግሞ የሌሊት ሞዱን ተጠቀሙ። ባይኖኩላር ካለ ሌንሱን ከዓይን ማስገቢያው ላይ አስጠግቶ ማንሳት ይሠራል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። ለፀሐይ ግርዶሽ ግን ፎቶ የሚያምረው ከዛፉ ሥር ያለው አንሶላ ነው። ስልኩን ወደ ፀሐይ አታዙሩ። ማዞር ግድ ከሆነ የግርዶሹን መነጽር ከካሜራው ፊት ያዙ።

በ2012 የተከፋፈለው የካርቶን መነጽር መሳቢያ ውስጥ ያለው ሰው ይኖራል። ዓመት ስላለፈው ብቻ አይጣልም። ከሐምሌ 2019 በፊት አውጡትና ከጠንካራ አምፖል ፊት ያዙት። ጭረት፣ እጥፋት ወይም የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካያችሁበት በመቀስ ቆራርጡት፤ ልጆች ከቆሻሻ ላይ አንስተው እንዳያደርጉት። ደኅና ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ምንም ነገር ሳይጫንበት፣ ደብተር መሃል አስቀምጡት።